ታዳሽ ኃይል፦ ማን ይሠራል፣ ማን ያተርፋል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ታዳሽ ኃይል ገበያ ሰው የሚጠይቀው ነገር ብዙም አይለያይም። ማን ይበልጣል? ቻይና እንዴት እንዲህ ተቆጣጠረችው? ሥራው እያደገ ኩባንያዎቹ ለምን ይከስራሉ? አንዳንዱን በአጭሩ፣ አንዳንዱን ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ መረጃውም እስከ 2025 ያለው ነው።

በታዳሽ ኃይል የዓለም ትልቁ ኩባንያ የቱ ነው?

በምን ትልቁ? የፀሐይ ፓነል በብዛት በመሸጥ ከሆነ በ2023ም በ2024ም አንደኛው የቻይናው ጂንኮ ሶላር ነው። በነፋስ ተርባይን ከሆነ ጎልድዊንድ፣ እሱም የቻይና። በባትሪ ከሆነ ሲኤቲኤል፣ አሁንም ቻይና። ጣቢያ ይዞ መብራት አመንጭቶ በመሸጥ ከሆነ ደግሞ ወሬው ይቀየራል፤ የአሜሪካው ኔክስትኤራ ኢነርጂ ራሱን ከነፋስና ከፀሐይ በማመንጨት የዓለም ትልቁ ብሎ ይጠራል፣ ከሱ ጎን የስፔኑ ኢበርድሮላና የጣሊያኑ ኤኔል ይቆማሉ፣ የቻይና መንግሥት ኩባንያዎች ደግሞ ብዙ ሳይወራላቸው ከሁሉም በላይ ይተክላሉ።

ሰው የሚሳሳተው ዘርፉን እንደ አንድ ሥራ ሲያየው ነው። ዕቃ የሚሠራ አለ። ጣቢያ የሚገነባ አለ። ጣቢያውን ይዞ መብራት የሚሸጥ አለ። መስመር የሚዘረጋም አለ። እነዚህ ተፎካካሪዎች አይደሉም፣ አንዱ የሌላው ደንበኛ ነው። የፓነል ዋጋ ሲወርድ ሠሪው ያለቅሳል፣ ጣቢያ ገንቢው ይስቃል። ስለዚህ «ታዳሽ ኃይል ከሰረ» ወይም «ታዳሽ ኃይል አተረፈ» የሚል ዜና ብቻውን ምንም አይነግራችሁም።

ገበያው ምን ያህል ነው?

በ2024 ብቻ 585 ጊጋዋት ገደማ አዲስ አቅም ዓለም ላይ ተተክሏል፤ አንድ ጊጋዋት አንድ ቢሊዮን ዋት ነው። ቁጥሩ የዓለም አቀፉ የታዳሽ ኃይል ኤጀንሲ፣ የአይሬና ነው። በዓመቱ መጨረሻ ጠቅላላው 4,448 ጊጋዋት ደርሷል። ከአዲሱ ውስጥ 452 ጊጋዋቱ ፀሐይ ነው፣ 113ቱ ነፋስ። የቀረው ሁሉ፣ ውሃውም የከርሰ ምድር እንፋሎቱም ባዮማሱም ተደምሮ፣ ከ20 ጊጋዋት ብዙም አይዘልም። ከአዲሱ ተከላ ደግሞ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆነው ያለው አንድ አገር ውስጥ ነው፣ ቻይና።

አንድ ነገር እዚህ ጋ ልብ በሉ። ጊጋዋት የሚለካው አቅምን ነው እንጂ የተመረተ መብራትን አይደለም። ፀሐይ ማታ የለችም፣ ደመናም አለ። በጥሩ ቦታ ያለ የፀሐይ ጣቢያ በዓመት የሚያመርተው ሙሉ አቅሙን ይዞ ሌት ተቀን ቢሠራ ኖሮ ከሚያመርተው ሩብ ያህሉን ነው፣ ብዙ ቦታ ከዚያም በታች። የባህር ላይ ነፋስ ወደ ግማሽ ሊጠጋ ይችላል። ለዚህ ነው በተከላ ፀሐይ ሁሉንም ጥሎ እየሮጠ፣ በ2024 ከዓለም መብራት የያዘው ድርሻ ግን 7 በመቶ ገደማ የሆነው። ነፋስ 8 በመቶ፣ ውሃ 14 በመቶ አካባቢ ነበሩ። ሁሉም ታዳሽ ምንጮች ሲደመሩ 32 በመቶ ገደማ ይሆናሉ።

በ2023 ዱባይ ላይ በተደረገው የአየር ንብረት ጉባኤ አገሮች በ2022 የነበረውን የታዳሽ ኃይል አቅም በ2030 ሦስት እጥፍ፣ ማለትም 11,000 ጊጋዋት እናደርሳለን ብለው ተስማምተዋል። አሁን ባለው ፍጥነት ፀሐይ ድርሻዋን ትወጣለች፣ ነፋስ ግን ወደኋላ ቀርቷል።

የፀሐይ ፓነል ሥራ እንዴት ሙሉ በሙሉ ቻይና እጅ ገባ?

ሙሉ በሙሉ አይደለም፣ ግን ከ80 በመቶ በላይ በሁሉም ደረጃ ስለሆነ ልዩነቱ ብዙ አይደለም። ደረጃዎቹ አራት ናቸው። መጀመሪያ የፓነሉ ጥሬ ዕቃ የሆነው ፖሊሲሊከን ይጣራል፣ እዚህ ቶንግዌይ፣ ጂሲኤልና ዳቆ አሉ። ከዚያ ዋፈር የሚባለው ስስ ቁራጭ ይቆረጣል፣ እዚህ ሎንጂና ቲሲኤል ዦንግሁዋን ናቸው። ቀጥሎ ብርሃኑን ወደ መብራት የሚቀይረው ሴል፣ በመጨረሻ ጣሪያ ላይ የምናየው ፓነል። በፓነሉ ደረጃ ጂንኮ፣ ሎንጂ፣ ትሪና፣ ጄኤ ሶላርና ቶንግዌይ ይመራሉ። ካናዲያን ሶላር ስሙ የካናዳ ነው፣ የተመዘገበውም እዚያ ነው፣ ፋብሪካዎቹ ግን በአብዛኛው ቻይና ናቸው።

እንዴት ሆነ ለሚለው፣ ታሪኩ የሚጀምረው ጀርመን ነው። ጀርመን በ2000 ያወጣችው ሕግ ፀሐይ ለሚተክል ሰው ለ20 ዓመት ጥሩ ዋጋ አረጋገጠ። ፍላጎት በአንድ ጊዜ ተፈጠረ። ዕቃውን በርካሽና በብዛት የሚሠራ ጠፋ። ቻይናዎቹ ይህን ክፍተት አዩት። አውስትራሊያ ተምሮ የተመለሰው ሺ ዠንግሮንግ በ2001 ሳንቴክን አቋቋመ፣ ኩባንያው በ2005 ኒውዮርክ አክሲዮን ገበያ ገባ፣ ሰውየው ቢሊየነር ሆነ። ሌሎቹ ተከተሉት። የክልል መንግሥታት መሬት ሰጡ፣ የመንግሥት ባንኮች አበደሩ፣ መብራቱ ርካሽ ነበር፣ መስታወቱም አሉሚኒየሙም ማሽኑም ጎረቤት ተሠራ። ደህና፣ ሳንቴክ ራሱስ የት ደረሰ? በ2013 ከ500 ሚሊዮን ዶላር በላይ የቦንድ ዕዳ መክፈል አቅቶት ዋናው ክፍሉ ከሰረ። በዚህ ዘርፍ ቀድሞ መምጣት ዋስትና ሆኖ አያውቅም።

ሌላም የማይታለፍ ጉዳይ አለ። የፖሊሲሊከኑ ትልቅ ክፍል ይመረት የነበረው ሺንጂያንግ በሚባለው የቻይና ክልል ውስጥ ነው፣ አካባቢው ደግሞ የዚያን ነዋሪዎች ኡይጉሮችን በግዳጅ በማሠራት ክስ የሚነሳበት ነው። አሜሪካ ከ2022 ጀምሮ ከዚያ የመጣ ዕቃ ድንበሯ ላይ የሚታገድበትን ሕግ ሥራ ላይ አውላለች። አንዳንድ አምራቾች አሁን ለአሜሪካ ብቻ የተለየ የአቅርቦት መስመር የሚይዙት ለዚህ ነው።

ፍላጎቱ እንዲህ እየጨመረ ፓነል ሠሪዎቹ ለምን ይከስራሉ?

ይህ ጥያቄ ለብቻው ይህን ገጽ ይሞላው ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። በ2021 እና 2022 የፖሊሲሊከን ዋጋ ጣሪያ ነካ፣ አምራቾቹ ለጉድ አተረፉ፣ ያተረፉትንም ባንክ አላስቀመጡትም። ሁሉም በአንድ ጊዜ አዲስ ፋብሪካ ገነቡ። ከዘርፉ ውጭ የነበሩ፣ አንዳንዶቹ ከኤሌክትሪክ ጋር ምንም ያልተገናኙ ኩባንያዎች ሳይቀሩ ገቡበት። በ2024 የቻይና ፓነል ፋብሪካዎች በዓመት ከ1,000 ጊጋዋት በላይ መሥራት ይችሉ ነበር፤ መላው ዓለም ያን ዓመት የተከለውን ፀሐይ ከላይ አይታችኋል፣ የዚያ ግማሽ እንኳን አልሞላም።

ውጤቱ ግልጽ ነው። በ2024 መጨረሻ የፓነል ዋጋ ለአንድ ዋት ወደ 10 የአሜሪካ ሳንቲም ወርዶ ነበር። የ400 ዋት ፓነል ከፋብሪካ በር 40 ዶላር አካባቢ ማለት ነው። በዚህ ዋጋ ብዙዎቹ ከማምረቻ ወጪያቸው በታች ነበር የሚሸጡት። ሎንጂ በዚያ ዓመት 8.6 ቢሊዮን ዩዋን ከሰረ። ቶንግዌይ 7 ቢሊዮን ገደማ። በብዛት አንደኛ የነበረው ጂንኮ ከ90 ጊጋዋት በላይ ሸጦ የቀረችው ትርፍ ከቁጥር የምትገባ አልነበረችም። ትልልቆቹ አምስቱ በአንድ ዓመት ውስጥ ከሠራተኛቸው ሲሦውን ያህል ቀነሱ።

ታዲያ ለምን አይዘጉም? አንዱ ፋብሪካውን ከዘጋ ገበያውን ለጎረቤቱ ሰጠ ማለት ነው፤ የክልሉ መንግሥትም ሥራ አጥ አይፈልግም፣ ባንኩም ያበደረውን እንደ ጠፋ መጻፍ አይፈልግም፣ ስለዚህ ሁሉም ሌላው ቀድሞ እስኪወድቅ እየደማ ይጠብቃል። የቻይና መንግሥት በ2025 የዋጋ ጦርነቱን አቁሙ ብሎ አምራቾቹን ሰብስቦ ተናግሯል፣ የፖሊሲሊከን ዋጋም ከዚያ በኋላ ትንሽ አገግሟል። በኔ ግምት ትርፍ ፋብሪካዎቹ እስካልተዘጉ ድረስ ስብሰባው ብቻውን አያድናቸውም።

ገዢ ለሆነ ሰው ይህ ሁሉ ሲሳይ ነው። ያኛው ወገን የከሰረው ገንዘብ ጣሪያችሁ ላይ ተሰቅሏል ማለት ይቻላል።

ከቻይና ውጭ የቀረ ፓነል ሠሪ አለ?

አለ። በጣም የሚያስገርመው የአሜሪካው ፈርስት ሶላር ነው። ሲሊከን አይጠቀምም፣ ካድሚየም ቴሉራይድ የሚባል ስስ ንጣፍ መስታወት ላይ ይቀባል። ስለዚህ የቻይናን የሲሊከን ሰንሰለት አይነካካም። በ2024 የሸጠው 14 ጊጋዋት ገደማ ብቻ ነው፣ ያገኘው የተጣራ ትርፍ ግን 1.3 ቢሊዮን ዶላር አካባቢ። ከጂንኮ ጋር አስተያዩት። የምስጢሩ ግማሽ ቴክኖሎጂው ነው፣ ሌላው ግማሽ የአሜሪካ የታሪፍ አጥርና ለአገር ውስጥ አምራች የሚሰጠው የታክስ ማበረታቻ ነው።

የኮሪያው ሃንዋም አለ፤ በ2012 የከሰረውን የጀርመኑን ኪውሴልስ ገዝቶ አሜሪካ ውስጥ ፋብሪካ ተክሏል። ሕንድ ውስጥ ዋሪና አዳኒ በመንግሥት ጥበቃ እያደጉ ነው። አውሮፓ ግን ባዶዋን ቀርታለች ማለት ይቀላል። ሶላርወርልድ ወድቋል፣ የስዊሱ ሜየር በርገርም በ2025 ወደቀ።

በነፋስስ? ቬስታስ አሁንም አንደኛ አይደለም?

ከቻይና ውጭ ባለው ገበያ አዎ፣ የዴንማርኩ ቬስታስ አሁንም ከፊት ነው። በድምሩ ግን በ2024 ከአንድ እስከ አራት ያለውን ቦታ የያዙት ጎልድዊንድ፣ ኤንቪዥን፣ ሚንግያንግና ዊንደይ ናቸው፣ አራቱም የቻይና፤ ቬስታስ አምስተኛ ነው የመጣው። የቻይናዎቹ ሽያጭ አብዛኛው አገራቸው ውስጥ ስለሆነ ዝርዝሩን ስታዩ ሁለት የተለያዩ ገበያዎች እንደተደባለቁ አስቡት።

ነፋስ ከፀሐይ የሚለይበት ነገር አለ። ፓነል ኮንቴይነር ውስጥ ይገባል፣ የትም ይሄዳል። የተርባይን ክንፍ ግን መቶ ሜትር የሚያልፍ አለ፣ ልዩ መርከብና መንገድ ይፈልጋል። ለ20 ምናምን ዓመት ጥገናም አለ። ቬስታስ ከጥገና ውሎች የሚያገኘው ገንዘብ ተርባይን ከመሸጥ የበለጠ አስተማማኝ ትርፍ የሚሰጠው ለዚህ ነው። ደንበኛ የሚፈራውም ይህንኑ ነው፤ ዛሬ በርካሽ የሸጠልኝ ከ10 ዓመት በኋላ መለዋወጫ ይዞ ይመጣል ወይ?

ምዕራባውያኑ አምራቾች ግን ከባድ ጊዜ አልፈዋል። በ2021 እና 2022 ብረትም ጭነትም ተወደደ፣ እነሱ ደግሞ ከዚያ በፊት በተቆረጠ ዋጋ ውል ፈርመው ነበር። ቬስታስ በ2022 ከ1.5 ቢሊዮን ዩሮ በላይ ከሰረ። የሲመንስ ጋሜሳ ደግሞ የባሰ ነው። በ2023 አዳዲሶቹ የየብስ ተርባይኖቹ ላይ የጥራት ችግር እንዳለ ይፋ ሆነ፣ እናት ኩባንያው ሲመንስ ኢነርጂ በዚያ በጀት ዓመት 4.6 ቢሊዮን ዩሮ ከሰረ፣ የጀርመን መንግሥትም የ7.5 ቢሊዮን ዩሮ ዋስትና ሰጠው። ከዚህ የሚወሰድ ነገር ቢኖር፣ በየሁለት ዓመቱ የበለጠ ግዙፍ ተርባይን ለማውጣት የተደረገው ሩጫ ለፈተና ጊዜ አለመስጠቱ ነው። በ2024 ክረምት አሜሪካ ናንተኬት አጠገብ ባህር ላይ የተሰበረው የአሜሪካው ተርባይን ሠሪ የጂኢ ቬርኖቫ ክንፍም ሌላው ማስታወሻ ነው፣ እዚያ የታየው የማምረት ጉድለት ነበር።

ሕንድ ውስጥ ሱዝሎን አለ። አንዴ ዕዳ ሊውጠው ደርሶ የተረፈ ኩባንያ ነው።

የባህር ላይ ነፋስ ምን ነካው? ስለ ኦርስቴድ የምሰማው መጥፎ ብቻ ነው

ኦርስቴድ ቀድሞ ዶንግ ኢነርጂ የሚባል የዴንማርክ የዘይት፣ የጋዝና የድንጋይ ከሰል ኩባንያ ነበር። በ2017 የዘይትና ጋዝ ክፍሉን ሸጦ ስሙን ቀየረ፣ በባህር ላይ ነፋስም የዓለም መሪ ሆነ። የዓለም የመጀመሪያው የባህር ላይ ጣቢያም የነሱው የዴንማርኮቹ ነው፣ በ1991 የተተከለው ቪንደቢ። 11 ትንንሽ ተርባይን ነበረው፣ ተደምረው 5 ሜጋዋት ያህል። ዛሬ አንዱ ተርባይን ብቻውን 15 ሜጋዋት ይደርሳል።

ችግሩ የሒሳብ ነው። የባህር ላይ ጣቢያ ገንዘቡ በሙሉ መጀመሪያ ላይ ይወጣል፣ ገቢው ደግሞ ለ20 እና 30 ዓመት በትንሽ በትንሹ ይመጣል። ወለድ ዜሮ አካባቢ በነበረ ጊዜ ይህ ግሩም ንግድ ነበር። ከ2022 ወዲህ ወለድ ሲወጣ፣ ዕቃ ሲወደድ፣ የመብራት መሸጫ ዋጋው ግን ቀድሞ በተፈረመ ውል ታስሮ ሲቀር ሒሳቡ ተገለበጠ። ኦርስቴድ በ2023 መጸው ኒው ጀርሲ ላይ ሊገነባ ያቀዳቸውን ሁለቱን የኦሽን ዊንድ ፕሮጀክቶች ጥሎ ወጣ፣ በዚያ ሩብ ዓመት ብቻ 28 ቢሊዮን የዴንማርክ ክሮነር ከመዝገቡ ሰረዘ። በዚያው ዓመት እንግሊዝ ባወጣችው ጨረታ ጣሪያው ዋጋ ዝቅ ያለ ስለነበር ለባህር ላይ ነፋስ አንድም ተጫራች አልቀረበም። በቀጣዩ ዓመት ዋጋውን ከፍ አድርጋ ተጫራች አገኘች። ይሁንና ካሸነፉት አንዱ የነበረውን ሆርንሲ 4ን ኦርስቴድ በ2025 እንደገና ተወው።

ከዚያ ፖለቲካው መጣ። በነሐሴ 2025 የአሜሪካ መንግሥት ሊያልቅ ጥቂት የቀረውን የሮድ አይላንዱን ሬቮሉሽን ዊንድ ሥራ አቁም አለው። በወሩ ፍርድ ቤት እንዲቀጥል ፈቀደ። ኦርስቴድ ግን በዚሁ ግርግር ውስጥ 60 ቢሊዮን ክሮነር ከባለ አክሲዮኖቹ ለመሰብሰብ ተገደደ፤ ከግማሽ በላይ ድርሻ ያለው የዴንማርክ መንግሥት ድርሻውን አዋጣ።

ሥራው ሞቷል ማለት አይደለም። ቻይና እየተከለች ነው፣ እንግሊዝና ጀርመንም አልተዉትም። የሞተው «በየዓመቱ እየረከሰ ይሄዳል» የሚለው ተስፋ ነው።

ጣቢያዎቹን የያዙት እነማን ናቸው? ገንዘባቸውስ ከየት ይመጣል?

በጥቅሉ ሦስት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያዎቹ የድሮ የመብራት ኩባንያዎች ናቸው፦ ኢበርድሮላ፣ ኤኔል፣ የፈረንሳዩ ኤንጂ፣ የጀርመኑ አርደብሊውኢ፣ የፖርቱጋሉ ኢዲፒ። ኔክስትኤራም ከዚሁ ነው፣ ፍሎሪዳ ውስጥ ሚሊዮኖች ቤት መብራት የሚያስገባ ሰላማዊ ንግድ አለው፣ በዚያ አስተማማኝ ገቢ ላይ ቆሞ ነው በሌሎች ግዛቶች ነፋስና ፀሐይ የተከለው። በጥቅምት 2020 የገበያ ዋጋው ለአጭር ጊዜ ኤክሰን ሞቢልን በልጦ ነበር፤ ያን ጊዜ ጉድ ተብሎ ተወራ፣ ከዚያ የነዳጅ ዋጋ ሲመለስ ወሬውም ቀዘቀዘ።

ሁለተኛዎቹ መንግሥት ከኋላቸው ያለ ናቸው። የቻይናዎቹ ኤስፒክ፣ ሁዋኔንግና ቻይና ኢነርጂ በአቅም ማንም አይደርስባቸውም። የአቡ ዳቢው ማስዳር በ2030 100 ጊጋዋት እይዛለሁ ብሏል። የሳዑዲው አክዋ ፓወር 44 በመቶ ድርሻው የመንግሥቱ የኢንቨስትመንት ፈንድ ነው፤ በርካሽ ዋጋ ጨረታ በማሸነፍ ይታወቃል። ሦስተኛዎቹ ገንዘብ አስተዳዳሪዎች ናቸው፣ ለምሳሌ የካናዳው ብሩክፊልድ። የሕንዱ አዳኒ ግሪን የቤተሰብ ቡድን አካል ነው፣ ጉጃራት ውስጥ ካቭዳ በሚባል ጨዋማ በረሃ 30 ጊጋዋት የሚደርስ ጣቢያ እየገነባ ይገኛል።

ገንዘቡ የሚመጣው ከረጅም ውል ነው። ወይ መንግሥት በጨረታ ለ15 እና 20 ዓመት ዋጋ ይቆርጣል፣ ወይ አንድ ትልቅ ገዢ በቀጥታ ይዋዋላል። በቅርብ ዓመታት የዚህ ሁለተኛው መንገድ አድማቂ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎቹ ናቸው፤ አማዞን፣ ሜታ፣ ጉግል፣ ማይክሮሶፍት። ማይክሮሶፍት በግንቦት 2024 ከብሩክፊልድ ጋር ከ10.5 ጊጋዋት በላይ የሚሆን አዲስ አቅም ለማስገንባት ተስማምቷል። የመረጃ ማዕከል መብራት ይበላል፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ደግሞ የባሰ ይበላል። ፀሐይና ነፋስ ከሌላው ሁሉ ቀድመው ተተክለው ስለሚያልቁ ይመረጣሉ፣ የአረንጓዴነት ፍቅር ብቻ አይደለም።

ባትሪው ውስጥ ማን አለ?

አሁን ከዘርፉ ሁሉ በጣም የሚጣፍጠው ክፍል ይህ ነው። የባትሪ ጥቅል ዋጋ በ2010 ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ከ1,000 ዶላር በላይ ነበር፤ በ2024 አማካዩ 115 ዶላር ደረሰ። ዋጋው ሲወርድ «ፀሐይ ማታ የለችም» የሚለው ክርክር ጉልበቱን አጣ፣ ቀን የተመረተውን አስቀምጦ ማታ መሸጥ ተቻለ።

የባትሪውን ሴል በመሥራት ሲኤቲኤል ከሁሉ ይቀድማል፤ በ2011 የተመሠረተ ነው፣ ከዓለም የመኪና ባትሪ ከሦስት አንዱን በላይ እሱ ይሠራል። ቀጥሎ ቢዋይዲ፣ ከዚያ የኮሪያው ኤልጂ። ሴሉን ገዝቶ፣ ኮንቴይነር ውስጥ አስገብቶ፣ ከሶፍትዌር ጋር ለመብራት ኩባንያ በመሸጥ ደግሞ ቴስላ፣ የቻይናው ሰንግሮውና ፍሉዌንስ አሉ። ቴስላ በ2024 31.4 ጊጋዋት ሰዓት ተክሏል፣ ከቀደመው ዓመት እጥፍ ይበልጣል።

አውሮፓ የራሷ ይኖራታል ተብሎ የታመነበት የስዊድኑ ኖርዝቮልት ግን በመጋቢት 2025 ከሰረ። ቢሊዮኖች ዶላር ተሰብስቦለት ነበር። ያቃተው ገንዘብ ማግኘት ሳይሆን ጥሩ ሴል በብዛትና በሰዓቱ ማውጣት ነው፤ ቢኤምደብሊው በ2024 የ2 ቢሊዮን ዩሮ ትዕዛዙን የሰረዘበት ምክንያትም ይኸው የመዘግየት ነገር ነበር።

የውሃ ኃይል ለምን አይወራለትም?

አዲስ ስላልሆነ። ግን ዛሬም ከነፋስ ወይም ከፀሐይ ለየብቻ ካየናቸው የበለጠ መብራት የሚሰጠው ውሃ ነው። የቻይናው ያንግጼ ፓወር በአንድ ወንዝ ላይ ስድስት ግድቦች ይዟል፣ 22.5 ጊጋዋቱን ሥሪ ጎርጅስ ጨምሮ 71 ጊጋዋት ገደማ ይሆናሉ። በሐምሌ 2025 ቻይና ቲቤት ውስጥ ከሥሪ ጎርጅስም የሚበልጥ 1.2 ትሪሊዮን ዩዋን የሚፈጅ ፕሮጀክት ጀምራለች። ተርባይን የሚያቀርቡት ጥቂት ናቸው፦ የጀርመኑ ፎይት፣ የኦስትሪያው አንድሪትስ፣ ጂኢ ቬርኖቫ፣ የቻይናዎቹ ዶንግፋንግና ሃርቢን።

የከርሰ ምድር እንፋሎትስ?

ትንሽ ግን ጠንካራ። የአሜሪካው ኦርማት ከቆዩት አንዱ ነው። ፌርቮ የሚባለው አዲስ መጤ ከነዳጅ ቁፋሮ የተማሩትን የአግድም ቁፋሮ ዘዴ እየሞከረ ነው፣ እሱን ተከታተሉት።

የነዳጅ ኩባንያዎቹ ከምር ገብተውበታል?

ገብተው ወጡ ማለት ይቀላል። ቢፒ በ2020 በ10 ዓመት ውስጥ 50 ጊጋዋት እገነባለሁ ብሎ ነበር። በየካቲት 2025 ተመልሶ ገንዘቡን ወደ ዘይትና ጋዝ አዞረ። ሼልም አዲስ የባህር ላይ ነፋስ ፕሮጀክት አልጀምርም ብሏል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፣ ዘይት የሚሰጠው ትርፍ ከመብራት ውል ይበልጣል፣ ባለ አክሲዮኖቹም ታጋሽ አይደሉም። ከትልልቆቹ ውስጥ ቶታልኢነርጂስ ብቻ ነው ሥራውን ሳይጥል የቀጠለው። የኖርዌዩ ኢኩዊኖር ደግሞ በ2024 ከኦርስቴድ 10 በመቶ ገዛ፤ አክሲዮኑ ከዚያ በኋላ ያየውን መከራ ከላይ አንብባችኋል።

የአሜሪካ ፖሊሲ መቀየር ገበያውን ምን አደረገው?

አናወጠው፣ ግን አላቆመውም። በነሐሴ 2022 የወጣው ሕግ ለፀሐይ፣ ለነፋስ፣ ለባትሪና ለአገር ውስጥ ፋብሪካ ሰፊ የታክስ ማበረታቻ ሰጠ። በሐምሌ 4፣ 2025 የተፈረመው ሌላ ሕግ ያን ለነፋስና ለፀሐይ አሳጠረው፦ ግንባታው እስከ ሐምሌ 4፣ 2026 ካልተጀመረ ጣቢያው በ2027 መጨረሻ ሥራ መጀመር አለበት፣ አለዚያ ማበረታቻው የለም። የባትሪው በአብዛኛው ተርፏል። ታሪፉ ደግሞ ሌላ ነው። የቻይና ፓነል በካምቦዲያ፣ በማሌዥያ፣ በታይላንድና በቬትናም ዞሮ እንዳይገባ በ2025 በአራቱ ላይ ከባድ ቀረጥ ተጣለ፤ ካምቦዲያ ውስጥ ባሉ አንዳንድ አምራቾች ላይ ከ3,500 በመቶ በላይ።

የጣሪያ ሶላር በብድርና በኪራይ የሚሸጡት ኩባንያዎች ከሁሉ በላይ ተጎድተዋል። ለነሱ ዋናው ጠላት ወለድ ነበር። ሰንፓወር በ2024፣ ሰንኖቫ በ2025 ከሰሩ።

ቻይናም ብትሆን ከፖሊሲ አታመልጥም። ከሰኔ 2025 ጀምሮ አዲስ ጣቢያ መብራቱን በገበያ ዋጋ እንዲሸጥ አደረገች። ከዚያ ቀን በፊት ለመድረስ በተደረገው ጥድፊያ በግንቦት ወር ብቻ 93 ጊጋዋት ፀሐይ ተተከለ። በማግሥቱ ደግሞ ተከላው ወደቀ።

አሁን ዋናው ማነቆ ምንድን ነው?

መስመር። ፓነሉ ርካሽ ነው፣ ገንዘቡም ይገኛል፣ መብራቱን የሚያደርስ መስመር ግን ጠፍቷል። የዓለም አቀፉ ኢነርጂ ኤጀንሲ በ2023 ቢያንስ 3,000 ጊጋዋት የሚሆኑ ፕሮጀክቶች ከመስመር ጋር ለመገናኘት ወረፋ ላይ እንዳሉ ጽፏል፣ ግማሾቹ ዝግጅታቸውን በአብዛኛው የጨረሱ። ትራንስፎርመር ለማግኘት ዓመታት ይጠበቃል።

ስለዚህ ገንዘቡ ወደየት እንደሄደ ለሚጠይቅ፣ በጸጥታ እያተረፉ ያሉት ኬብልና ትራንስፎርመር ሠሪዎቹ ናቸው፦ የጣሊያኑ ፕሪዝሚያን፣ የፈረንሳዩ ኔክሳንስ፣ ሂታቺ ኢነርጂ፣ እንዲሁም በተርባይን የከሰረው ያው ሲመንስ ኢነርጂ በሌላው ክንፉ። እነዚህ ለፀሐይም ለነፋስም ለጋዝም ይሸጣሉ። ማንም ቢያሸንፍ መስመር ያስፈልገዋል።

ከፓነል የሚወጣውን ኤሌክትሪክ ቤትና መስመር ወደሚጠቀሙበት ዓይነት የሚቀይረው መሣሪያ፣ ኢንቨርተርም እዚሁ ይነሳል። ከዓለም ሽያጭ ከግማሽ በላዩን የያዙት ሁዋዌና ሰንግሮው ናቸው፣ ሁለቱም የቻይና። ኢንቨርተር ከኢንተርኔት ጋር የተገናኘ ኮምፒውተር ስለሆነ አንዳንድ የአውሮፓ አገሮች ከርቀት እንዳይነካካ ገደብ መጣል ጀምረዋል።

ስለ አንድ ኩባንያ ዜና ሳነብ ምኑን ልይ?

መጀመሪያ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ለዩ፤ ሠሪ ነው፣ ገንቢ ነው ወይስ ባለቤት። ቀጥሎ ቁጥሩን እዩት። «20 ጊጋዋት ፕሮጀክት አለን» የሚል ኩባንያ ብዙ ጊዜ እየቆጠረ ያለው ገና መሬት እንኳን ያልያዘውን ጭምር ነው። ሥራ የጀመረው ስንት ነው? በግንባታ ላይ ያለውስ? ከዚያ የመሸጫ ውሉ ተፈርሟል ወይ፣ ዕዳው በምን ያህል ወለድ ነው የተወሰደው። ሠሪ ከሆነ ደግሞ ሽያጩን ትታችሁ ከእያንዳንዱ ዋት ምን ያህል እንደሚቀረው ፈልጉ፣ የማይጽፈው ከሆነ የማይጽፍበት ምክንያት አለው።